የዝናቡ ለሰው፣ የጉድጓዱ ለብረት

ጎረቤቴ ዳርሲ ኮልትማን በዚህ ዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ የነገሩትን። ሌላውን ሁሉ ይጠረጥራል። የአየር ጠባይ ትንበያውን ይጠረጥራል፣ በግ ገዢዎችን ይጠረጥራል፣ የማያውቀው ሰው ፈገግ ሲልለት ደግሞ ቦርሳው በቦታው መኖሩን ለማወቅ ኪሱን ይዳብሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ለእሱ ተረት ሳይሆን ሃይማኖት ነው። መኪናውን ጋራዥ ማስገባት ግድ ሲሆንበት አስቀድሞ ዕቃዎቹን በምስማር ይጭራቸዋል፤ ሲመልሱለት ጭረቱን ይፈልጋል። አንድ ጊዜ «በአዲስ ተቀይሯል» ብለው ባስረከቡት ዕቃ ላይ የገዛ ጭረቱን አገኘበት። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋራዥ ደጅ ረግጦ አያውቅም። እውነት ለመናገር በዚያ አልፈርድበትም።

እኔ ቡንዳራ ፍላት በምትባል፣ ከባሕር በራቀች ትንሽ ከተማ ልጆች ሳስተምር ኖሬ እዚያው ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዳርሲ ጋር አጥር ለአጥር ስንኖር ብዙ ተከራክረናል፤ ሳንከራከር የዋልንበት ቀን ቢኖር አንዳችን ታመን ነው። ሰውን ማስተማር ልማዴ ስለሆነ ክርክሩን እወደዋለሁ። አሁን የምጽፈው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ የምጽፈውም የሰው ሕይወት ስለነበረበት ነው።

በጥር ወር፣ ዝናብ ከራቀን በሁለተኛው በጋ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ከፖስታ ቤት እየነዳሁ ስመለስ ከከተማው መውጫ ባሕር ዛፎቹ ሥር የዳርሲ ፒካፕ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ አየሁ። እንፋሎቱ ከቅጠሉ በላይ ይወጣል። ዳርሲ የውሃ ጀሪካን በእጁ ይዞ መኪናውን በዐይኑ ይገርፈዋል። ሚስቱ ኔሪዳ የጋቢናውን በር ከፍታ፣ እግሮቿን ወደ ውጭ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል።

ለምን እንዳበጠ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የኔሪዳ ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። የበሽተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ እኛ ድረስ አይመጣም። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በመካከሉ ቤት የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ሙቀቱም ቆዳ ይልጣል። በዋዜማው፣ ሐሙስ ዕለት፣ መኪናው መንገድ ላይ አፍልቶባቸው እስኪበርድ ሲጠብቁ ረፍዶባቸው ነበር። የሌላ በሽተኛ ተራ ስለደረሰ እጥበቱን ሳትጨርስ ከወንበሩ አነሧት። ቀጣዩ ተራዋ ከዚያ ዓርብ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩት ወርጄ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይጨስም፣ ዳርሲ።»

«ውሃ ጠምቶታል፤ አጠጣዋለሁ፤ ይሄዳል። ወደ ሱቅ ወጣ ብለን እየተመለስን ነው። ነገ እስኪደርስ ይሻለዋል።»

«ነገ እኔ ልውሰዳችሁ።»

«ማክሰኞስ? የዚያ ሳምንቱስ? አንተ ከኔ ትበልጣለህ መምህር፤ መሪው ላይ እንቅልፍ ይወስድህና ሦስታችንም እንቀራለን።»

በጀሪካኑ ያለው የጉድጓድ ውሃ መሆኑን ከሽታው አወቅሁ። በኛ አገር ሁለት ውሃ አለ። ከጣሪያ ወርዶ በታንከር የሚጠራቀመው የሰው ነው፤ ለሻይና ለምግብ። ከምድር ሆድ ትኩስ ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል እየሸተተ የሚወጣው ደግሞ ለከብት፣ ለልብስና ለመኪና ነው። ለመኪና የዝናብ ውሃ የሚሰጥ ሰው ቢገኝ መንደሩ እብድ ይለዋል። የዳርሲ አባት «የዝናቡ ለሰው፣ የጉድጓዱ ለብረት» ይሉ ነበር፤ ሁላችንም እሳቸውን ተከትለን እንላለን።

ዳርሲ በጨርቅ የራዲያተሩን ክዳን ሊይዝ ሲል አንድ መኪና ጎታች ከኋላችን ፍሬን ያዘ።

«አጎቴ ዳርሲ! እንዳይከፍቱት! ፊትዎን ይቀቅልዎታል!»

ቴጋን ናት፤ የኔሪዳ ወንድም ልጅ። በልጅነቷ አስተምሬያታለሁ፤ ምላሷ ያኔም ስለታም ነበር። ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሄዳ የመካኒክነት ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው፤ የምትሠራውም ቫንስ የሚባል እንግዳ ሰው በከፈተው አዲስ ጋራዥ ነው።

ዳርሲ እጁን መለሰና ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ቁራ በግ ሳይሞት አይወርድም። ማን ነገረሽ?»

«የማን መንገር ያስፈልገኛል? ጭስዎ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይታያል።»

«ጌታሽ ነው የላከሽ።»

ትክዳለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔም በልቤ ጠርጥሬ ነበርና ዐይን ዐይኗን አየኋት። ቴጋን በእጇ የያዘችውን ጓንት አንዴ አጥብቃ ለቀቀችው።

«አዎ» አለች። «ልኮኛል። ‹የአጎትሽ መኪና መሞቻው ደርሷል፣ ሌላው ሳይቀድመን አምጪው› ብሎኛል።»

«ሰማህ መምህር? ከአፏ ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እሱ ስለላከኝ በሽታው ውሸት ይሆናል?» አለች ቴጋን ፊቷ እየቀላ። «ሐኪም ደሞዝ ስለሚበላ ትኩሳት የለም ማለት ነው?»

«ሐኪም ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ያሳየኛል። አንቺ ምን ታሳዪኛለሽ?»

ይህ ጥያቄ ደስ አለኝ። የዳርሲ ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ በር መዝጊያ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በሩን ገርበብ አደረገው። ቴጋንም አልተቀየመችም። ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ጠበቅን። ከዚያ ጠራችው።

«እጅዎን እዚህ የራዲያተሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ያድርጉ። ይፋጃል አይደል? ወደ ታች ይውረዱ። ወደ መሐል። አሁንስ?»

«ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ መቀዝቀዝ አይደለም እንዴ ሥራው?»

«ውሃው በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሁሉ ቢያልፍ ኖሮ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይቀንስ ነበር። እዚህ ጋ እንደ ግድግዳ ተቆርጧል። ቀዝቃዛው ቦታ ውሃ የማይደርስበት፣ የተደፈነው ነው። ግማሽ ራዲያተር ነው የቀረዎት።»

«ይህን ለመጣው ሁሉ ትይዋለሽ።»

«የመምህሩ መኪናም ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ሄደው ይንኩት።»

ዳርሲ ሄዶ ኮፈኔን ከፍቶ ዳበሰ። ረጅም ጊዜ ዳበሰ። ተመልሶ መጥቶ የራሱን እንደገና ነካ። ከዚያ «ያንተ አዲስ ነው» አለኝ፤ መኪናዬ ከሱ መኪና የሚያንሰው በሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን እያወቀ።

«የእርስዎ ፈሰስም ያደርጋል» አለች ቴጋን። «እዚህ ታች እርጥብ ነው።»

«እሱን ደፍኜዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቁንዶ በርበሬ ጨምሬበታለሁ።»

«ምን?»

«ቁንዶ በርበሬ። ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። አባቴ የእንቁላል ነጭም ይጨምሩ ነበር።»

«ኧረ አጎቴ! ራዲያተር ነው ወይስ ድስት? ጨውና ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው! ቁንዶ በርበሬው የትኛው ቀዳዳ የሚደፈን፣ የትኛው የማይደፈን እንደሆነ በምን ያውቃል? ቴርሞስታቱስ አለ?»

«አውጥቼ ከጣልኩት ቆይቷል። ውሃውን የሚያግድ በር ምን ይሠራልኛል?»

«በሩ እኮ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት እስኪይዝ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። እርስዎ በሩን ገንጥለው ጣሉና ውሃው ለጊዜው እንደ ልቡ ሮጠ። ራዲያተሩ ሲደፈን ምልክቱን ሳያዩ ዓመታት ያለፉት ለዚህ ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ቀን የሞተሩን ራስ የሚያሽገው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢጨምሩ ባይጨምሩ አይነሣም። የሚቆመው ደግሞ እዚህ ባሕር ዛፍ ሥር አይደለም።»

ይህን ስትል ማናችንም ወደ ኔሪዳ አላየንም። ኔሪዳ ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን ብቻ ታያለች።

እዚህ ላይ ሽማግሌ ሆንኩ። «ዳርሲ፣ ጋራዡን ጠርጥረሃል፤ መብትህ ነው። እንግዲያው ልጅቷ ጋራዡን ይዛ ትምጣልህ። በግቢህ፣ ዐይንህ እያየ ትሥራው።»

ዳርሲ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየ። «አሮጌው ራዲያተር ከግቢዬ አይወጣም» አለ በመጨረሻ። «በራሴ መጋዝ እከፍተዋለሁ። ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ወዮልሽ፤ አንቺንም ጌታሽንም መጠጥ ቤቱ መሐል ቆሜ አዋርዳችኋለሁ።»

«ተፈቅዶልዎታል» አለች ቴጋን። «መጋዙን ብቻ ይሳሉት።»

ፒካፑን ጎትታ ግቢው ካደረሰች በኋላ፣ ከሰዓት አዲሱን ራዲያተር፣ አዲስ ቱቦዎችና ቴርሞስታት ጭና መጣች። ዳርሲ በርሜል ገልብጦ ተቀመጠ፤ ውሻው እግሩ ሥር ተጋደመ። ሠርግ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ እንኳ እንደሱ አይፈትሽም። ካርቶኑ ተከፍቶ እንደሆነ ማሸጊያውን በጥፍሩ ሞከረ። ራዲያተሩን አሸተተ። በባትሪ መብራት ወደ ውስጡ አየ። ሁሉንም ጨርሶ ምስማሩን ከኪሱ አወጣና የአዲሱን ራዲያተር ጎን ጫረው።

ቴጋን ቁልፏን መሬት ላይ ጣለችው። «ይሄ ለምንድን ነው?»

«በሌላ እንዳይለወጥ።»

«እርስዎ በርሜል ላይ ተቀምጠው እያዩኝ? አክስቴን የማታልላት ይመስልዎታል? ያሳደገችኝን ሴት?»

ዳርሲ ምስማሩን ወደ ኪሱ መለሰው። እኔ አፍሬለት ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ሰው በማያውቀው ቢጠረጥር ብልህነት ነው፤ በሚያውቀው ሰው ላይ ሲሆን ግን ስሙ ይለወጣል። ይህን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ምስማሩን ገና ስለመለሰ ተውኩት።

ቴጋን ሥራዋን ቀጠለች። ውሃውን ከታች አፈሰሰችው፤ የዛገ ቆርቆሮ ቀለም ነበረው። ቱቦዎቹን ስትነቅላቸው ሁለቱ እጇ ላይ ተሰነጠቁ። የቬንትሌተሩን መከለያ አነሣች፣ ቡሎኖቹን ፈታች፣ አሮጌውን ራዲያተር ጎትታ አውጥታ ዳርሲ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ከባድ ነው» አለ ዳርሲ አንሥቶ።

«ባዶ ነው እኮ። ባዶ ሆኖ መክበድ አልነበረበትም።»

የብረት መጋዙን አመጣ። ለብቻው እየተናነቀ ከዳር እስከ ዳር ቆረጠው፤ ልርዳህ ብለው አልፈቀደም። ሲከፈት ሁላችንም ጎንበስ አልን። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞታል፤ ልብስ በምናፈላበት በርሜል ላይ የሚጋገረው ዓይነት። ግማሾቹ ቱቦዎች ጨርሰው አይታዩም። በቅርፊቱ መካከል ቁንዶ በርበሬው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተጣብቋል። ዳርሲ በምስማሩ ጫፍ ሊፈነቅለው ሞከረ፤ አልፈነቀል አለው።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ፤ ድምፁ ግን አውቆታል።

«ከጉድጓዱ ነዋ» አለች ቴጋን። «ያ ውሃ የድንጋይ ውሃ ነው። ሲፈላ ውሃው በኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። በየቀኑ ጥቂት ድንጋይ ሲያጠጡት ኖረዋል።»

«እሺ፤ ራዲያተሩ ሞቷል። ቀይሪውና ሂጂ።»

«ሞተሩ ውስጥ ያለውስ? አዲሱን እንዲሁ ብገጥመው ያ ሁሉ ቆሻሻ ተንዶ መጥቶ ይደፍነዋል። ከዓመት በኋላ ‹ቴጋን አታለለችኝ› ሊሉኝ? መጀመሪያ ይታጠባል።»

ዳርሲ የውሃ ጎማውን ከጉድጓዱ መስመር ሳበ፤ እሷም «ጭቃውን ለመግፋት ይሁን፣ ግዴለም» ብላ ተቀበለችው። ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መጀመሪያ እንደ ደፈረሰ ወንዝ ነበር። የማሞቂያውንም መስመር ለይታ አጠበችው። የቅርፊት ስብርባሪ፣ የዝገት ፍንካች፣ አንዳንድ ሙሉ የቁንዶ በርበሬ ፍሬም ወጣ። ውሃው እየጠራ ሲመጣ ቴጋን ጎማውን ዘጋች።

«አሁን የመጨረሻው። ይህን የጉድጓድ ውሃ ከውስጡ ማስወጣት አለብኝ። ሁለት ባልዲ ከታንከሩ ያምጡልኝ።»

ዳርሲ ከበርሜሉ ተነሣ። ሄዶ ከዝናብ ውሃው ታንከር ፊት ቆመ፤ ባልዲ ግን አልያዘም። ጀርባውን ቧንቧው ላይ ደገፈ።

«አይሆንም።»

«ሁለት ባልዲ ነው አጎቴ።»

«ጠብታም አይሆን። ታንከሩ ከወገብ በታች ነው። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አታውቂም።»

«ዳርሲ» አልኩ፣ «እስካሁን ያየኸውን አይተህ...»

«አንተ ዝም በል መምህር! አንተ የዚህን ቤት ነገር አታውቅም!» በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቆጣ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ግን አይቼው አላውቅም። «ልጅ ሆኜ በትልቁ ድርቅ ታንከራችን መጨረሻው ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ሠራተኛ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የቀረችውን ውሃ ቀድቶ የጭነት መኪናውን ራዲያተር ሞላበት። እናቴ ለሕፃኗ እህቴ ወተት የምትበጠብጥበት አጣች። የጉድጓዱን ሰጠቻት፤ ምን ታድርግ? ሆዷን አመማት። ሐኪም ሳይደርስላት ሞተች። ሜቪስ ነበር ስሟ። አባቴ ቀብረዋት ሲመለሱ ነው ያን ቃል የተናገሩት። እና አንቺ ትምህርት ቤት ገባሁ ብለሽ መጥተሽ የዝናብ ውሃ ለመኪና ስጥ ትይኛለሽ?»

ቴጋን ጓንቷን አወለቀች። እኔም ለስንት ዓመት ስቄበት የኖርኩት አባባል ከሕፃን መቃብር የመጣ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ልማድን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ መንቀፍ ግን ከመኃይምነት አይሻልም።

በረንዳው ላይ ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። ኔሪዳ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች።

«ዳርሲ።»

«ገብተሽ ተኚ፣ ፀሐዩ ይጎዳሻል።»

«አባትህ ያን ሕግ ያወጡት ሰው እንዳይሞት ነው። አይደለም?»

«ነው።»

«እኔስ? ሰው አይደለሁም?»

ዳርሲ ዐይኑን ወደ መሬት አወረደ።

«ከማሽኑ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች» አለች ኔሪዳ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ነርሷ አሳይታኛለች። የከተማው ውሃ ለኔ እንዲሁ አይገባም፤ በአንዱ ማጣሪያ ያልፋል፣ በሌላው ያልፋል፣ ምንም የሌለበት ውሃ እስኪሆን። ‹ውሃው ካልጠራ የሚያጥብሽ ነገር ይገድልሻል› አለችኝ። ማሽኑ የሚኖረው በንጹሕ ውሃ ነው፤ እኔ የምኖረው በማሽኑ ነው። እዚያ የሚያደርሰኝ ደግሞ ይሄ መኪና ነው። አንተ እሱን ለሻይ የማንፈልገውን ውሃ ታጠጣዋለህ።»

«አደርስሻለሁ። አድርሼሽ አላውቅም?»

«ስትሞክር አያለሁ። የምንጠጣውን ይዘን እየወጣን እሱ ሲፈላ የራስህን የመጠጥ ውሃ ሳይቀር ስታፈስለት አያለሁ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አንድ ቀን መንገዱን አይቼው አላውቅም፤ የማየው የሙቀት ጌጁን ነው።» ምሰሶውን አጥብቃ ያዘች። «ሐሙስ ለነርሷ ‹ከእንግዲህ አልመጣ ይሆናል› ብያታለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ማሽኑን ፈርቼ አይደለም። መንገድ ላይ ብንቀር እኔስ መሄጃዬ ነው፤ አንተ በዚያ ሐሩር ውሃ ፍለጋ በእግርህ ትሄዳለህ። አውቅሃለሁ። አንተን ከመግደል ቤቴ ብቀር ይሻላል ብዬ ነው።»

ዳርሲ ባርኔጣውን አውልቆ ሚስቱን አያት። በቧንቧው ላይ የተደገፈው ጀርባው ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ ዞሮ ባልዲ አነሣና ቧንቧውን ከፈተው። ባልዲው ሲሞላ ዕንባው ሲወርድ አየሁ፤ አልጠረገውም።

«ሁለት ነው ያልሽው?» አለ ቴጋንን።

«ሁለት ይበቃል።»

«ሦስት እቀዳልሻለሁ። በደንብ እጠቢው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ጥያቄና መልስ ሆነ። ዳርሲ መጠርጠሩን አልተወም፤ ዳርሲ ነዋ። ግን አሁን የሚጠይቀው ለማወቅ ነበር። አዲሱ ራዲያተር ገብቶ ቱቦዎቹ ከታሰሩና ቴርሞስታቱ ከነጓርኒሲዮኑ ከተገጠመ በኋላ ቴጋን አረንጓዴውን ፈሳሽ አወጣች።

«ይሄ ቀለም የተነከረ ውሃ ላለመሆኑ ዋስትናሽ ምንድን ነው?»

«ኩላንት ነው፣ የሞተር ማቀዝቀዣ። ከተጣራ ውሃ ጋር ተደባልቆ የመጣ፤ ምንም አይጨመርበትም። እንደ ውሃ ቶሎ አይፈላም፣ ብረት አያዝግም፣ ቅርፊት አይጥልም።»

«ለዘላለም ይኖራል?»

«ለዘላለም የሚኖር ነገር ሸጬልዎት አላውቅም። ዕድሜው ሲደርስ ይቀየራል፤ ጊዜውን እኔ አስታውስዎታለሁ። እርስዎ ሞተሩ ሲበርድ ብቻ ከፍ ዝቅ ማለቱን ይዩ። ከጎደለ ያው ዓይነት ይጨምሩ፤ ቢቸግርዎ የታንከሩን ውሃ ለጊዜው። የጉድጓዱን በጭራሽ።»

«ውሻው ቀመሰው!»

«ያርቁት! ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። የፈሰሰውን ይጥረጉ፤ ጣሳውን ልጅም ውሻም በማይደርስበት ያስቀምጡ።»

ውሻው የላሰው ፈሳሹን ሳይሆን የቴጋንን ቡትስ ጫማ ኖሯል። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍታ ሞተሩን አስነሣች፤ ክዳኑ ሳይዘጋ አየሩ እየተንቦጫቦጨ ወጣ፣ ፈሳሹ ዝቅ ሲል እየጨመረች ሞላችው። ዳርሲ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦ መሞቁን በእጁ ጠበቀ። ሲሞቅም ከላይ እስከ ታች ራዲያተሩን ዳበሰው፤ ሙቀቱ የተቆረጠበት ቦታ አላገኘም።

«ቴጋን» አለ እጁን እየጠረገ። «ስለ ምስማሩ... ይቅር በይኝ።»

«እንኳን ጫሩት» አለች። «እኔም ብሆን ቫንስን እጠረጥረዋለሁ።»

በማግስቱ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ዳርሲ «ምስክር ሁነኝ» ብሎ ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። የጌጁ ቀስት መሐል ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ዳርሲ መጀመሪያ ጌጁ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ በጣቱ መታው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መታው።

ከመንገዱ አጋማሽ አልፈን ዳርሲ በድንገት ፍሬን ይዞ መኪናውን ወደ ዳር አወጣው። የኔሪዳ ራስ ወደ መስኮቱ ዘምሟል። ፊቱ አመድ መስሎ ክንዷን ያዘ።

«ኔሪዳ! ኔሪዳ!»

ዐይኗን ገለጠች። «ምነው? ፈላ?»

«አልፈላም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ተኝቼ ነበር» አለች።

ዳርሲ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። በዚያ መንገድ ስትተኛ አይቷት አያውቅም። «መልሰሽ ተኚ» አለና ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የነገርኩህ ራዲያተር ቀይር ለማለት ብቻ አይደለም፤ የተደፈነ ከሆነ ግን ቀይር፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መጠርጠርህንም አትተው፤ የከፈልክበትን ዕቃ ክፈተው፣ ንካው፣ ጠይቅ። ከጠየቅህ በኋላ ግን መልሱን ስማ። ዳርሲ ከሰማ ወዲህ መኪናው ነዳጅ ይቆጥባል፣ በክረምት ማለዳ ማሞቂያው ይሠራል፣ ውሃ ጭኖ መዞሩም ቀርቷል፤ የታንከሩን ውሃ በመኪና የተነሣ ሲነካው አላየሁም። የአባቱንም ቃል አልጣለም፤ ለማን እንደተነገረ አወቀ እንጂ። ዛሬ የጉድጓድ ውሃ ራዲያተር ውስጥ የሚጨምር ሰው መጠጥ ቤት ካገኘ ያንን የተቆረጠ ራዲያተር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥለታል፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጠረጴዛዬን ጫርክብኝ እያለ ይጮኻል።

በዚያ ቅዳሜ ሆስፒታል የደረስነው ቀድመን ነው። ኔሪዳ እጥበቷን እስከ መጨረሻው ጨረሰች። ነርሷ መርፌውን ነቅላ ክንዷን እያሸገች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማክሰኞስ ምን ላድርግ? ወንበሩን ለሌላ ልስጠው?» አለቻት።

ኔሪዳ በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ የቆመውን ባሏን አየችው።

«አትስጪው» አለች። «የኔ ነው።»